ሃይድሮጅኑ ያምራል፣ ኦክስጅኑ ግን ምን ነካው?

ጣሪያ_ላይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ስለረዘመ ይቅርታ። ባሳጥረውም መልሳችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም።

ሁለት ዓመት የሰማይ ኔቡላዎችን (የጋዝና የአቧራ ደመናዎችን) በቀለም ካሜራ ለማንሳት ስነካካ ቆይቼ በቅርቡ ሞኖ (ጥቁርና ነጭ) ካሜራና ጠባብ ባንድ ፊልተር ያዝኩ፤ ፊልተሩ አንድ ጋዝ የሚያበራበትን ቀጭን የብርሃን ክፍል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ቴሌስኮፔ 80 ሚሊሜትር ሪፍራክተር (በሌንስ የሚሠራ) ነው። የፎካል ርዝመቱ 480 ሚሊሜትር ስለሆነ ኤፍ 6 ነው (480 ለ80 ሲካፈል)። የካሜራው ፒክስል 3.76 ማይክሮን ነው፤ ሴንሰሩን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ አቆመዋለሁ። ፊልተሮቹ ሃይድሮጅን አልፋ፣ ኦክስጅን ሦስት እና ሰልፈር ሁለት ናቸው። ሦስቱም የሚያሳልፉት የብርሃን ሞገድ ክልል የ7 ናኖሜትር ስፋት አለው።

ያነሳሁት ሮዜት ኔቡላን ነው። ለእያንዳንዱ ፊልተር 40 ፍሬም፣ ፍሬሙ 300 ሰከንድ። አድልዎ እንዳይኖር ብዬ ለሦስቱም እኩል 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሰጠሁ።

የሃይድሮጅኑ የመጀመሪያ ፍሬም ስክሪኑ ላይ ሲወርድ ብቻዬን ጮኬ ቤቱን ልቀሰቅስ ነበር። ክቡ፣ መሃሉ ላይ ያለው ክፍት ቦታ፣ በላዩ የሚያልፉት ጥቁር የአቧራ ክሮች፣ ሁሉም ቁልጭ ብለው ወጡ። ያውም በመንገድ መብራት ተከብቤ! ከዚያ ኦክስጅኑ መጣ። ምን ልበላችሁ፣ እንፋሎት በያዘው መስኮት ውጭውን እንደማየት ነው።

ኮከቦቹ ወፍረዋል። ሶፍትዌሩ የኮከብ መጠን ሲለካ በሃይድሮጅን 1.9 ፒክስል፣ በኦክስጅን 3.1 ይለኛል። የሰማዩ ጀርባም ነጣ ብሏል፤ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ እየደመቀ ይሄዳል። ኔቡላው ራሱ መሃል ላይ ያለ ጭስ ነገር ነው። ይሁን ብዬ ሦስቱን በሐብል ቴሌስኮፕ የቀለም አሠራር አዋሃድኳቸው። ሰልፈሩን ቀይ፣ ሃይድሮጅኑን አረንጓዴ፣ ኦክስጅኑን ሰማያዊ አደረግሁ። ሁሉም ነገር ሣር መሰለ። ኮከቦቹ ደግሞ ወይን ጠጅ ሆነው ቁጭ አሉ።

ሌላም አለ። ቀደም ብዬ የቬይል ኔቡላን ምዕራባዊ ክፍል ሞክሬ ነበር። እዚያ 52 ሲግኒ የምትባል ደማቅ ኮከብ አለች። ዙሪያዋን ክብ የብርሃን ሳህን ተቀምጧል፤ በኦክስጅን ብቻ። በሃይድሮጅኑ የለም።

ስለ ጨረቃ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ሃይድሮጅኑን ያነሳሁት ጨረቃ በሌለችባቸው ሁለት ሌሊቶች ነው፤ ጉጉቱ አላስቻለኝም። ኦክስጅንና ሰልፈሩን ጨረቃዋ ከግማሽ በላይ ከሞላች በኋላ ነው ያነሳኋቸው። ግን ጠባብ ባንድ ጨረቃ አይፈራም ሲባል ነው የሰማሁት። ተሸወድኩ እንዴ?

ቶሎ_ተኚ፦

ተሸውደሃል። ጨረቃ የማይፈራው ሃይድሮጅኑ ነው። ኦክስጅኑ በደንብ ይፈራል። በግልባጩ ነው ያነሳኸው። በሚቀጥለው ወር ኦክስጅኑን ያለ ጨረቃ ድገመው፣ አለቀ።

ለ52 ሲግኒ የብርሃን ሳህን ደግሞ ፊልተሩን ገልብጠህ ግጠመው። የእኔ በዚያ ጠፍቷል።

አሮጌ_ሌንስ፦

ቶሎ ተኚ ስለ ጨረቃዋ ልክ ነው። መገልበጡን ግን ቆየት አድርገው። ፊልተር በተነካካ ቁጥር የጣት አሻራ ነው ትርፉ።

መጀመሪያ ጨረቃዋ። የሃይድሮጅን አልፋ መስመር (ጋዙ የሚያበራበት የብርሃን ሞገድ) 656.3 ናኖሜትር ላይ ነው። የኦክስጅኑ 500.7 ላይ። የሰልፈሩ ሁለት ተጠጋግተው የቆሙ መስመሮች ናቸው፤ 671.6 እና 673.1። የጨረቃ ብርሃን አየር ላይ ሲበተን አጭሩ ሞገድ ከረጅሙ ይልቅ ይበተናል። ቀን ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ስንት ይበልጣል ካልከኝ፣ 656ን ለ501 አካፍል። 1.31 ይመጣል። እሱን አራት ጊዜ አስቀምጠህ እርስ በርስ አባዛው፤ 3 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ማለትም ያችው ጨረቃ ኦክስጅንህ ላይ የምትረጨው ብርሃን ሃይድሮጅኑ ላይ ከምትረጨው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ሰልፈሩ ቀይ ስለሆነ ብዙ አልተጎዳም፤ እሱን ተወው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚደምቀው ጀርባስ? ጨረቃዋ በየት በኩል እንደነበረች አስታውስና አስተያየው።

የመንገድ መብራቱም በኦክስጅኑ ይበረታል። የድሮዎቹ ቢጫ የሶዲየም መብራቶች በአብዛኛው 589 አካባቢ ስለሚያበሩ ከሦስቱም መስመሮችህ ሩቅ ነበሩ። ነጩ ኤልኢዲ ግን ብርሃኑን ሰፊ ቦታ ላይ ነው የሚያፈሰው፤ ፊልተርህ የድርሻውን ማስገባቱ አይቀርም። በ3 ናኖሜትር ፊልተር ይህ ጀርባ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ግዛ ማለቴ አይደለም። በ7ቱም ጥሩ ሥራ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ እኩል መካፈል ለውርስ ነው እንጂ ለኔቡላ አይሆንም። ሃይድሮጅኑ በአንድ ሰዓት ከተፍ ይላል። ኦክስጅኑ ደካማ ነው፣ ጀርባው ደግሞ ብሩህ ነው። ኖይዙን (ፎቶው ላይ ያለውን ሻካራ ነጠብጣብ) በግማሽ ለመቀነስ ሰዓቱን አራት እጥፍ ማድረግ አለብህ፤ አቋራጭ የለውም። እኔ ለሃይድሮጅን 2 ሰዓት ከሰጠሁ ለኦክስጅን 6 እሰጣለሁ። ጨረቃ የሌለባት ሰዓት ሁሉ የኦክስጅን ናት።

«መሃሉ ላይ ያለ ጭስ» ያልከው ግን ስህተት ላይሆን ይችላል። ሮዜት መሃል ላይ ኤንጂሲ 2244 የሚባል የወጣት ኮከቦች ስብስብ አለ። ሃይድሮጅንን ኤሌክትሮኑን ለመንጠቅ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ይበቃል። ከኦክስጅን ሁለተኛውን ኤሌክትሮን ለመንጠቅ ግን 35 ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ኃይለኛ አልትራቫዮሌት ያለው እነዚያ ትኩስ ኮከቦች አጠገብ ነው። ስለዚህ ኦክስጅኑ መሃሉ ላይ ተሰብስቦ ይታያል፤ ሰልፈሩ ወደ ዳር። በሃይድሮጅኑ ያየኸውን ቀለበት ከኦክስጅኑ አትጠብቅ።

ትንሽ ወሬ ልጨምር፣ ያልፈለገ ይዝለለው። እ.ኤ.አ. በ1864 ዊልያም ሀጊንስ የድመት ዓይን ኔቡላን በስፔክትሮስኮፕ (ብርሃንን በየቀለሙ በሚበትን መሣሪያ) ሲመለከት አረንጓዴ መስመሮች አየ። ምድር ላይ ከሚታወቅ ከምንም ነገር ጋር አልገጠሙም። አዲስ ንጥረ ነገር ነው ተባለና «ኔቡሊየም» የሚል ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1927 አይራ ቦወን ነው ነገሩን የፈታው። ኔቡሊየም የሚባል የለም፤ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ተራ ኦክስጅን ነው። ምድር ላይ አተሙ ያንን ብርሃን ሳይለቅ ሌላ አተም ይገጨዋል። እዚያ ጋዙ እጅግ የሳሳ ስለሆነ የሚገጨው የለም፣ ተረጋግቶ ያበራል። ለ60 ዓመት ሊቃውንቱን ያታለለ መስመር ነው። አንተን በአምስት ሌሊት ቢያታልልህ አይግረምህ።

አሁን ወደ ዋናው። ጨረቃ ጀርባ ታነጣለች እንጂ ኮከብ አታወፍርም። 1.9 እና 3.1 የፎከስ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ንገረኝ። ፎከስ የምታደርገው በየትኛው ፊልተር ነው፣ ፊልተር ስትቀይርስ ትደግመዋለህ? ሦስቱ ፊልተሮች አንድ ላይ የወጡ ናቸው ወይስ ከየቦታው የተለቀሙ? የዚያ የብርሃን ሳህን ስፋትስ ከዳር እስከ ዳር ስንት ፒክስል ነው? በዓይን አትገምት፣ ቁጠረው።

ሰባት_ናኖ፦

ስለ ፎከሱ ጋሼ ይዘውታል፣ እኔ ስለ ቀለሙ ልናገር። በዚህ አረንጓዴ ብዙ ሌሊት ያለቀስኩ ሰው ነኝ።

አረንጓዴ መሆኑ የፊልተርህ ጥፋት አይደለም። ሃይድሮጅኑ ከሁለቱ በጣም ስለሚበልጥና አረንጓዴው ላይ ስላስቀመጥከው ነው። አሠራሩን ያስለመደን እ.ኤ.አ. በ1995 ጄፍ ሄስተርና ፖል ስኮወን በሐብል ያነሱት የንስር ኔቡላ ፎቶ ነው፣ እነዚያ «የፍጥረት ምሰሶዎች» የሚባሉት። ረጅሙ ሞገድ ቀይ፣ መካከለኛው አረንጓዴ፣ አጭሩ ሰማያዊ፤ ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ምርጫ ነው። ለዓይን ቢሆን ሃይድሮጅንም ሰልፈርም ሁለቱም ቀይ ናቸው። ስለዚህ «እውነተኛው ቀለም የቱ ነው» እያልክ አትጨነቅ።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ሦስቱን ስታኮች (የየፊልተሩ ፍሬሞች ተደራርበው የሚወጡትን ምስሎች) ከማዋሃዴ በፊት ኮከቦቹን ስታርኔት በሚባል ፕሮግራም አወጣለሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ለየብቻ ስትሬች አደርጋለሁ፤ ደብዛዛውን ማድመቅ ማለት ነው። ኦክስጅንና ሰልፈሩን ጠንከር አድርጌ፣ ሃይድሮጅኑን ለስለስ አድርጌ። የሦስቱ ሂስቶግራም (የብሩህነት ግራፍ) ጉብታ አንድ ቦታ ላይ እስኪቆም ድረስ። ያኔ ስታዋህዳቸው ሣሩ በአብዛኛው ይጠፋል። የቀረውን ሲሪል በሚባለው ፕሮግራም የአረንጓዴ ማስወገጃ ቀንሰው፣ ግን እስከ መጨረሻ አትጫነው። ሁሉንም አረንጓዴ ከነቀልከው ወርቃማውም አብሮ ይሞታል፤ ወርቃማው ከቀይና ከአረንጓዴ ነው የሚሠራው።

ወይን ጠጅ ኮከቦቹም ከዚሁ የመጡ ናቸው። ሰልፈርና ኦክስጅኑን ስታጋንን የእነሱን ኮከቦችም አጋነንካቸው፤ ቀይና ሰማያዊ ሲደመር ወይን ጠጅ ነው። ተራ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፊልተር ካለህ በየአንዳንዳቸው የ30 ሰከንድ 20 ፍሬም አንሳና የእነዚያን ኮከቦች መልሰህ አስቀምጥ። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው፣ ልዩነቱ ግን የትየለሌ ነው።

አንድ የግሌ አስተያየት። ሮዜትን በሁለት ቀለም እወደዋለሁ። ሃይድሮጅን ቀይ፣ ኦክስጅን አረንጓዴም ሰማያዊም። ሰልፈርህ እስኪጠነክር ድረስ እሱን ሞክር።

ጣሪያ_ላይ፦

ጋሼ፣ የጠየቁኝን ሁሉ ይዤ መጥቻለሁ። ትንሽ አፍሬም ነው የመጣሁት።

ፎከስ የማደርገው ማታ አንድ ጊዜ ነው፣ በሃይድሮጅኑ። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ አልነካውም። ፊልተሮቹ «አንድ ዓይነት ናቸው፣ ፎከስ አይለውጡም» የሚለውን አምኜ። ሃይድሮጅንና ሰልፈሩ አብረው የመጡ ጥንድ ናቸው። ኦክስጅኑን ግን በኋላ ከሌላ ሰው እጅ ነው የገዛሁት፣ የሌላ ፋብሪካ ሥራ ነው። ይህን መጀመሪያ ሳልጽፍ የቀረሁት የሚያመጣው ነገር ያለ ስላልመሰለኝ ነው።

የፋብሪካ ልዩነት ካለ የመስታወቱ ውፍረትም ሊለይ ይችላል ብዬ ለካሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ። የካሊፐሩ (የውፍረት መለኪያው) ብረት መስታወቱን እንዳይጭረው በሁለቱ መንጋጋዎች ላይ ስስ ወረቀት ለጠፍኩ። ከነወረቀቱ ዘግቼ ዜሮ አደረግሁት። ከዚያ ፊልተሩን በጠርዙ ይዤ ዳሩን ብቻ አስገባሁ። ሃይድሮጅኑ 1.85 ሚሊሜትር። ሰልፈሩ 1.85። ኦክስጅኑ 2.00። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው።

የ52 ሲግኒን ሳህን ቆጠርኩ፤ 118 ፒክስል። የጨረቃዋም ነገር እውነት ነው፣ በቀኝ በኩል ነበረች።

እህቴ ሰባት ናኖ፣ ሂስቶግራሞቹን ማስተካከሉን በድሮዎቹ ፋይሎች ሞከርኩት። ሣሩ ሄደ! የተንጣለለው ኦክስጅን እንዳለ ሆኖ።

አሮጌ_ሌንስ፦

የሚያሳፍር ነገር የለውም። ወረቀቱን ማሰብህ ራሱ ጎበዝ ያሰኝሃል። እኔ በወጣትነቴ አንዱን በብረት ነክሼ ነው የተማርኩት።

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸውልህ። መስታወት በብርሃኑ መንገድ ላይ ሲገባ ፎከሱን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በውፍረቱ ሲሶ ገደማ። የ0.15 ሚሊሜትር ልዩነት ማለት የ0.05 ሚሊሜትር ግፊት ነው። በኤፍ 6 ስታካፍለው ነጥብ የነበረው ኮከብ ከ8 ማይክሮን በላይ ስፋት ያለው ክብ ይሆናል። ከሁለት ፒክስል ይበልጣል።

በዚያ ላይ ቅዝቃዜው አለ። ግማሽ ሜትር የሚሆን የአልሙኒየም ቱቦ በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ያጥራል። ቱቦው ሲያጥር ካሜራው ወደ ሌንሱ ይጠጋል። ወፍራሙ ፊልተር ደግሞ ፎከሱን ወደ ኋላ ወስዶታል። የሌንሱን የራሱን ጠባይ ለጊዜው እንተወውና፣ ሁለቱ ስህተቶች በአንድ አቅጣጫ ተደምረውብሃል። ኤፍ 6 ላይ ያለህ የፎከስ መፈናፈኛ በጠቅላላው 0.1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። አለቀልህ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፊልተር በቀየርክ ቁጥር ፎከስ። ሙቀቱ 2 ዲግሪ በወረደ ቁጥርም ፎከስ። በኦክስጅን ኮከቦቹ ስለሚደበዝዙ ለፎከሱ የ8 ወይም የ10 ሰከንድ ፍሬም ተጠቀም፤ በ2 ሰከንድ ሶፍትዌሩ ኖይዝ እየለካ ነው የሚያታልልህ።

አሁን ሳህኑ። 118ን በ3.76 ስታባዛ 0.44 ሚሊሜትር ይመጣል። በ6 አባዛው፣ 2.66። ብርሃኑ ሄዶ ስለሚመለስ ለሁለት ክፈለው፣ 1.33። ይህ በአየር ቢሆን ነው። በመስታወት ውስጥ ከሆነ በ1.5 ታባዛዋለህ። ስንት መጣ? 2.00። ኦክስጅንህ ስንት ነበር ያልከኝ?

ስለዚህ ብርሃኑ የሚመላለሰው በፊልተሩ በራሱ ሁለት ገጾች መካከል ነው። ብትገለብጠውም ገጾቹ ሁለቱም እዚያው ናቸው። የቶሎ ተኚ የጠፋው በፊልተሩና በካሜራው መስታወት መካከል የሚመላለስ ስለነበር ይመስለኛል፤ እሱ ሲገለበጥ የሚያንጸባርቀው ገጽ ይለወጣል። ያንተ ግን በዚህ ፊልተር እስከሠራህ ድረስ አብሮህ ይኖራል። ወይ ደማቅ ኮከብ ፍሬም ውስጥ የማይገባበት ነገር ምረጥ፣ ወይ ቀን ሲወጣልህ ቀይረው። ለሮዜት አያሳስብህም።

ቶሎ_ተኚ፦

ጋሼ እኔም የእኔን ሳህን በዚሁ ሒሳብ ለካሁት፣ ወደ 19 ሚሊሜትር መጣልኝ። ከፊልተሩ እስከ ካሜራው መስታወት ያለው ርቀት። ተሸንፌያለሁ።

ጣሪያ_ላይ፦

ወር አልፎ ተመለስኩ። ጨረቃ በሌለችባቸው ሦስት ሌሊቶች ኦክስጅንን ብቻ አነሳሁ። 84 ፍሬም፣ 7 ሰዓት። በየፊልተሩና በየ2 ዲግሪው ፎከስ። የኮከቡ መጠን 2.0 ሆኗል። ጀርባው ጠፍጣፋ ነው።

መሃሉ ላይ «ጭስ» ያልኩት ነገር ጭስ አይደለም። ክፍቱን ቦታ ዙሪያውን የሚያለብስ፣ ከውስጥ ጠርዙ የሳሳ መጋረጃ ነው። ሃይድሮጅኑ ላይ ባዶ የመሰለኝ ቦታ ላይም አለ። በሁለት ቀለም አዋሃድኩት፣ እህቴ እንዳለችው። መሃሉ ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ፣ ዳሩ ቀይ። ስልኬ ላይ እያወጣሁ አየዋለሁ፣ በቀን አሥር ጊዜ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ግራ ጥግ ላይ በኦክስጅኑ ብቻ ትንሽ የዶናት ቅርጽ ያላት ጥላ አለች። ፍላት (የአቧራ ጥላ ለማጥፋት የሚነሳ፣ እኩል የበራ ባዶ ፎቶ) አድርጌያለሁ፣ ግን አልጠፋችም። ፍላቱ የሃይድሮጅኑ ነው፣ ለሦስቱም እሱን ነው የምጠቀመው።

አሮጌ_ሌንስ፦

ኦክስጅኑ ፊልተር ላይ የተቀመጠች አቧራ ናት። የሃይድሮጅኑ ፍላት ስለማያውቃት ነው ያላነሳት። ለየፊልተሩ የየራሱን ፍላት አንሳ፣ በዚያው ፊልተር ፎከስ ላይ ሆነህ። ካሜራውን ካልነቀልከው ወይም ካላዞርከው ዛሬም ይደርሳል። ነቅለኸዋል?

ጣሪያ_ላይ፦

አልነቀልኩትም። አሁኑኑ ልወጣ ነው።